ፍሪዘር ውስጥ የገባው አፈር

"እግዚኦ! አባባ፣ ይሄ ምንድነው?"

ተናኘ የፍሪዘሩን በር ይዛ ቆማለች። ደንዉዲ ካለው ሆቴል ከሥራ መግባቷ ነው፤ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። ለፋሲካ ብላ ካስቀመጠችው የበግ ወርች ጎን ትንሿ ድስቷ ቀይ አፈር ጢም ብሎባት ተቀምጣለች። አባቷ አቶ ኃይለመስቀል ሶፋው ላይ እንዳሉ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ።

"አፈር ነው" አሉ።

"አፈር መሆኑንማ አየሁ! ከየት መጣ?"

"ከጓሮ ነዋ። በጭልፋሽ ቆፈርኩት፣ ውሃ አጠጣሁትና አስገባሁት። ጭልፋውን አጥቤ መልሼዋለሁ።"

"በጭልፋዬ! የአፓርታማው ማናጀር ብታይዎትስ ኖሮ?"

"አይታኛለች። እጇን አወዛወዘችልኝ፤ እኔም አወዛወዝኩላት።"

ተናኘ ሳቋ መጣ፤ ግን ቶሎ ዋጠችው። አባቷ ሰሞኑን የሚሳቅባቸው ሰው አልነበሩም።

ነገሩ የመጣው ባለፈው እሑድ ነው። ወንድሟ ጥሩሰው የሚኖረው ከእነሱ ርቆ በስተ ሰሜን፣ ብርዱ የጸና ኖርዝ ዳኮታ ነው። በስደት ከነበረበት ከሱዳን ያስመጣው ቤተ ክርስቲያን ከአንድ የስንዴ ገበሬ ቤት አስጠጋው፤ እሱም እርሻውን ወዶ እዚያው ቀረ። አባትና ልጅ ከተለያዩ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። አቶ ኃይለመስቀል በሰባ ስምንት ዓ.ም. በጥምቀት ሰሞን አትላንታ አጠገብ ማሪዬታ ከተማ፣ ተናኘ ቤት ሲገቡ፣ ጥሩሰው በማግስቱ የሚከንፍ መስሏቸው ነበር። የት አባቱ! መጀመሪያ "በረዶው መንገድ ዘግቷል" አለ። እሺ ተባለ። ቀጥሎ "በረዶው ይቅለጥ" አለ። እሱም እሺ ተባለ። እሑድ ደግሞ ደውሎ፣ "አባባ፣ በረዶውስ ቀልጧል፤ መሬቱ ግን ገና ነው። ላዩ ጭቃ፣ ሥሩ ድንጋይ ነው። የለቀቀ ዕለት ደግሞ ፋታ የለም፤ ወዲያው መዝራት ነው። ለፋሲካ የምደርስ አይመስለኝም" አላቸው።

ሰውየው ቱግ አሉ። ወገራ ላይ ዕድሜ ልካቸውን ገብስና ስንዴ የዘሩ ሰው ናቸው። ላዩ ጭቃ ሥሩ ድንጋይ! ለማን ነው የሚያወራው? "ለፋሲካ ካልመጣህ አባቴ ብለህ አትጥራኝ!" አሉና ስልኩን ጠረቀሙት።

ከዚያ ወዲያ ምግቡም አልበላ፣ እንቅልፉም አልወሰድ አላቸው። ልጄ አፍሮብኝ ይሆን? የደበቀኝ ነገር ይኖር ይሆን? ቁጣው በረድ ሲል ግን አንዲት ጥያቄ ብቻዋን ቀረችና ታሳክካቸው ጀመር። እውነት እንዲህ ያለ መሬት ይኖር ይሆን? ማሪዬታ ዛፉ ሁሉ አብቧል፣ ሰው በካኔተራ ይሄዳል፤ በረዶ የያዘው አፈር ከየት ይገኛል? ተናኘ ከፍሪዘር በረዶ የሆነ ጎመን አውጥታ እንደ ጠርብ በቢላዋ ስትታገል አዩና ብድግ አሉ። በረዶውስ እዚሁ ቤት ነበር ለካ!

አፈሩ በተገኘ ማግስት ተናኘ ከሥራ ኦፍ ነበረች። አባቷ ድስቱን አውጥተው ዙሪያውን በጋቢያቸው ጠቀለሉና በረንዳው ላይ ፀሐይ አስመቱት።

"ጋቢው ደግሞ ምን ይሠራል?"

"መሬትን ከሥር ፀሐይ ይመታዋል እንዴ? የሚሞቀው ከላይ ነው። እንደዚያ እንዲሆን ነው።"

"አባባ፣ እርስዎ እኮ..." አለችና ተወችው። ልብስ ልታጥብ ነበር ሐሳቧ፤ ሻይዋን ይዛ አጠገባቸው ቁጭ አለች። ድስት አፈር ቁጭ ብዬ አያለሁ ብላ አስባ አታውቅም። ሁለቱም አንገታቸውን አስግገው ጠበቁ።

ፀሐዩ ጠንከር ሲል አፈሩ መልኩን ለወጠ፤ ወዛ፣ ከዚያ ላቆጠ።

"እንዴ! ላዩ ላይ ውሃ አቆረ!" አለች ተናኘ።

አቶ ኃይለመስቀል ጣታቸውን ሰደዱ። እስከ ጥፍራቸው ጭቃ ነው። ከዚያ በታች እንቢ አለ። ማንኪያ አምጥተው ወጉት፤ ቋ አለ። ደግመው ወጉት፤ ቋ።

"አይ ጥሩሰው" አሉ ቀስ ብለው። "ልጄ አልዋሸኝም።"

ደስ አላቸው፤ ወዲያው ደግሞ ሐፍረት ፊታቸውን አነደደው።

"ውሃው መውረጃ የለውም። እዚህ ላይ የጣልሽው ዘር ይበሰብሳል። ትራክተሩም ገብቶ ይሰምጣል።"

"የነገረዎት ይሄንኑ እኮ ነው!"

"ነግሮኛል። አልሰማሁትም። እሺ፣ ይልቀቀውና ትንሽ ቆይቶ ቢዘራስ?"

"ከዘገየ ሳይደርስ ውርጭ ይመታዋል አለኝ።" ተናኘ ትንሽ አመነታች። "አልናገርም ብዬው ነበር፣ ግን ይወቁት። ገበሬው አርጅቷል። ዘንድሮ ከመሬቱ ከፍሎ ለጥሩሰው ሰጥቶታል። ሲበቅል በፎቶ ሊያሳይዎት ነበር፣ ሰርፕራይዝ ሊያደርግዎት።"

አባቷ ውርጭን ያውቁታል። አንድ ዓመት ዘግይተው የዘሩት ገብስ ገና እሸት ሳለ ነጭ ሆኖ አድሮ፣ እናቷ ማሳው መሀል ቆማ ስታለቅስ አይተዋል።

"ደውይልኝ" አሉ።

ጥሩሰው ወዲያው አነሳ። "አባባ! እኔም ልደውል ነበር። ትኬት ቆርጫለሁ። ለፋሲካ አትላንታ ነኝ።"

"ዛሬ አፈሩን ጨብጠኸዋል?"

"እ?"

"አፈሩን! ጨብጠኸዋል ወይ?"

"ጨብጫለሁ።"

"ምን አለ?"

"ተፈረፈረ።"

"ሥሩስ?"

"ሥሩም ለቋል፣ አባባ። ጎረቤቶቻችን ዛሬ መዝራት ጀምረዋል።"

"ታዲያ አንተ ምን ቆርጦህ ነው አውሮፕላን የምትሳፈረው?"

"አባቴ ብለህ አትጥራኝ አሉኝ እኮ" አለ ጥሩሰው፤ ድምፁ ተሰበረ።

አቶ ኃይለመስቀል የስልኩን እጀታ በሁለት እጃቸው ያዙት። "ብያለሁ። ተሳስቼ ነው፤ ይቅር በለኝ። ትኬቱን መልስና ዝራ። ዘርተህ ስትጨርስ ትመጣለህ። ስማ ደግሞ፣ መልኩ ምን ዓይነት ነው?"

"የምኑ?"

"የመሬቱ ነዋ!"

"ጥቁር ነው። ጭልጥ ያለ ሜዳ ነው፣ አባባ፤ ድንጋይ ቢፈልጉ አያገኙም።"

"ድንጋይ የሌለው መሬት! ስትመጣ አንድ እፍኝ ይዘህልኝ ና። ትልማችሁ ጥልቀቱ ስንት ነው? ወፍስ አይለቅመውም?" ተናኘ ሎንግ ዲስታንስ መሆኑን፣ ሂሳቡ እየቆጠረ መሆኑን በእጇ ብታሳያቸው ማን አይቷት።

የፋሲካ ዋዜማ፣ ተናኘ የበጉን ወርች እንዲቀልጥ ልታወጣ ፍሪዘሩን ከፈተች። አባቷ ከኋላዋ መጥተው ከእጇ ተቀበሏት፤ መልሰው አስገቡና በሩን ገጠም አደረጉት።

"አባባ! ሁዳዴን ሙሉ ጾመው በምን ሊፈስኩ ነው?"

"እንቁላል ቀቅይልን። ይሄ ጥሩሰው ዘርቶ እስኪመጣ ይቆየው" አሉ። "አይበላሽም፤ በረዶ ያቆየዋል።"