ሦስት እጥፋት

«ለሦስት ወር ልብስ ይኼን ሁሉ ገንዘብ?»

ልብስ ሰፊዋ ይህችን ቃል አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሆዷ ውስጥ ይዛት ኖራለች። የተናገረቻት ባዳ ብትሆን ኖሮ በማግስቱ በረሳቻት፤ ባዳ ስንቱን ይላል። የተናገረቻት ግን የታናሽ ወንድሟ ሚስት ናት። ያውም ሁለት ደንበኞች ተራቸውን እየጠበቁ፣ ያውም ሹክ ቢሉ እንኳ ከጥግ እስከ ጥግ በሚሰማበት በዚያ ጠባብ የስፌት ክፍል ውስጥ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሟና ሚስቱ አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። ጉንጯም እጇም ክብ ስለነበረ ቤተ ዘመዱ ሁሉ ድንቡሼ ይላታል። ሦስት ዓመት ሊሞላት ሲል እናቷ ወደ ሰፊዋ መጣችና፣ «እቴቴ፣ ለድንቡሼ አንድ የሚያምር ነገር ሥሪልኝ፤ ያንቺ እጅ ያረፈበት» አለቻት። ሰፊዋ የራሷ ልጅ የላትም፤ ደስታዋን የምታደርግበት አጣች። ውሃ ሰማያዊ ጨርቅ መረጠች፣ ደረቱን ሸነሸነች፣ አንገቱ ዙሪያ ጥቃቅን ነጭ አበባ ጠለፈች። የስፌት መኪናውን ሳታስነካ ሁለት ሳምንት ሙሉ በመርፌ ብቻ ሠራችው። ዋጋውንም ከሌላ ሰው ከምትቀበለው ግማሹን ጠራች። ግማሹ መሆኑን ግን አልተናገረችም፤ ለዘመድ ይኼን ያህል ቀነስኩ ብሎ ማውራት ነውር ይመስላታል።

የወንድሟ ሚስት ዋጋውን ስትሰማ ቀሚሱን ከፍ አድርጋ ይዛ አገላብጣ አየችው። ያቺን ቃል ያወጣቻት ያን ጊዜ ነው። አስከትላም በዚህ ገንዘብ ከሱቅ አራት ቀሚስ እንደምትገዛ፣ ልጅ ማለት አድራ የምትረዝም ፍጥረት እንደሆነች፣ ከሥጋ ዘመድ ትርፍ መፈለግም ደግ እንዳልሆነ ተናገረች። ከደንበኞቹ አንዷ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። የወንድሟ ሚስት ገንዘቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ «በይ ደህና ዋይ» ብላ ወጣች። እቴቴ ማለቷን እዚያው ተወችው።

ቀሚሱ የያዘውን ምስጢር ግን ከሰፊዋ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ቀሚሱ ከታችኛው ጠርዝ ከፍ ብሎ በውስጥ በኩል ሦስት እጥፋት ነበረው። እያንዳንዱ ሦስት ጣት ይሆናል፤ የተያዘውም በላላ ስፌት ነው። ልጅቷ ባደገች ቁጥር አንዱን ፈትቶ መልቀቅ ብቻ ነው። ብብቱም ሥር እንዲሁ ወደ ውስጥ የገባ ትርፍ ጨርቅ አለ። ለሦስት ዓመት ልጅ የተሰፋው ቀሚስ ስድስት ዓመቷ ድረስ ያደርሳታል ማለት ነው።

ሰፊዋ በሙያዋ አትዋሽም። ገና ለተወለደ ሕፃን ውድ ልብስ የምታዝ እናት ስትመጣባት፣ ገንዘብሽን አታባክኚ፣ እሱ የሚያውቀው ጡትሽን ነው፣ ከሱቅ ገዝተሽ አልብሺውና መራመድ ሲጀምር ነይ ብላ ትመልሳታለች። በእግሩ ለቆመ ልጅ ግን እጥፋት ታበጃለች። ልብሱን ስታስረክብም ገልብጣ፣ ይቺን ለሚመጣው ዓመት፣ ይቺን ለዚያኛው እያለች ለእናትየው በጣቷ ታሳያለች። ያላሳየችበት ቀን የለም።

ያን ቀን አላሳየችም። ራሷ ትድረስበት አለች በሆዷ።

የወንድሟ ሚስት አልደረሰችበትም። ጠርዙ ወፈር ማለቱን አይታ ይሆናል፤ መርፌ ይዛ ለማታውቅ ሴት የወፈረ ጠርዝ ምን ይነግራታል? ስምንት ወር ቆይቶ ወሬ መጣ። ድንቡሼ በአንድ ጊዜ ተመዘዘችና ቀሚሱ ከጉልበቷ በላይ ቀረ። እናቷም በየዘመዱ ቤት «አላልኳችሁም?» እያለች አወራች። ሰፊዋ ይኼን ስትሰማ መልሱ እጇ ላይ ነበር። ሰው ልካ ጠርዙን ገልብጪው ብትላት ነገሩ ያበቃ ነበር። አልላከችም። ወንድሟ ሊያስታርቅ ሁለት ጊዜ መጣ፤ እሷ በእግሯ ትምጣና ይቅርታ ትበለኝ፣ ያን ጊዜ የምነግራት ነገር አለኝ ብላ መለሰችው። ምን እንደሆነ ቢጠይቃትም ትንፍሽ አላለችም። እሱም አልገረመውም። እህቱ አራተኛ ክፍል ሳለች ባላጠፋችው ጥፋት መምህሯ ቢገርፏት ደብተሯን ዴስኩ ላይ ትታ የወጣች፣ በዚያው የቀረች ሴት ናት።

በዚያው ክረምት ድንቡሼን ትኩሳት ያዛት። በስድስተኛው ቀን ሐኪም ቤት ሞተች። አራት ዓመት አልሞላትም።

ሰፊዋ ለቅሶ ሄደች። ወንድሟን አቅፋ አለቀሰች። ሚስቱን ከሩቅ አየቻት፤ ሴቶች ግራና ቀኝ ይዘዋታል። ልቅረብ አልቅረብ ስትል ቆይታ ሳትቀርብ ተመለሰች። ያቺ ቃል ከዚያ ሁሉ ሐዘን ሥር እንኳ አልሟሟችም። ልጅ ሞቶባት እንኳ አጠፋሁ አላለችኝም ትላለች ለራሷ። እንዲህ እያለች ዓመቱ ዓመቱን ተካ። ወንድሟ አልፎ አልፎ ብቻውን ብቅ ይላል፤ ስለ ሚስቱ አትጠይቀውም፣ እሱም አያነሳም።

በቅርቡ አንድ ረፋድ ላይ ወንድሟ መጣ። ከሚቆረጡት ጨርቆች መሐል ወንበር ፈልጋ ሰጠችው። ሚስቱ እንደላከችው ነገራት። ታናሽ እህቷ ሦስት ዓመት የሚሞላት ልጅ አለቻት፤ ቀሚስ በእጅ ይሠራላት፣ ከሌላ ሰው አልፈልግም፣ ዋጋው የፈለገውን ይሁን ብላለች።

ሰፊዋ መቀሷን አስቀመጠች። ስትጠብቀው የኖረችው ቀን መጣላት።

«ዛሬ አልተወደደም?» አለች። «ወይስ የእህቷ ልጅ በሦስት ወር አታድግም?»

ወንድሟ ፈገግ ሊል ሞከረና ተወው።

«እቴቴ፣ አታውቂም እንዴ?» አለ። «ከዚያ ወዲህ እኮ የልጅ ልብስ ከሱቅ ገዝታ አታውቅም። በዘመድ ለተወለደው ሁሉ የእጅ ሥራ ነው የምታለብሰው። ሰው አብዳለች ይላታል።»

ምን ነክቷት ነው ብትለው፣ መሬት መሬት እያየ ነገራት። ቀሚሱ ሲያጥር ድንቡሼ አላወልቅም ብላ አስቸግራ ነበር። ስትተኛም እንኳ አላወልቅም ትል ነበር። እናቷ ጭንሽ እየታየ፣ አጥሯል አልኩሽ ብላ በግድ አስወልቃ ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ልጅቷ በየቀኑ ሳጥኑን በመዳፏ ትደበድበው ነበር።

«ሐኪም ቤትም ቀሚሱን ጠየቀቻት» አለ ወንድሟ። «ስትድኚ ትልቅ እገዛልሻለሁ አለቻት። ታዲያ አሁን፣ ለልጄ ሰስቼ ነው ሌላ ያላሠራሁላት፣ የእጅ ሥራውን ንቄ ነው ትላለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ። እኔ ምን ልበላት?»

ሰፊዋ መልሱን ራሴ ይዤ እመጣለሁ ብላ ሸኘችው።

ሁለት ቀን አሰበች። በነዚያ ሁለት ቀናት አንድ ኮሌታ አጣማ ቆረጠች፤ እንዲህ ያለ ስህተት ከሠራች ሃያ ዓመት ሆኗታል። ብትነግራት፣ ያቺ እናት ቀሚሱን በአንድ ምላጭ ማስረዘም ይቻል እንደነበር ልታውቅ ነው። ይኼ ልጇን ሁለተኛ መቅበር ይሆንባታል። ባትነግራት፣ ያላጠፋችውን ጥፋት ይዛ ልትሞት ነው። ዝም ማለቱ ለሷ ያዘነ ይመስላል። ሰፊዋ ግን ራሷን ታውቃለች፤ ዝምታው የሚመቸው ለማን እንደሆነ አላጣችውም።

በሦስተኛው ቀን ክፍሏን ቆልፋ ሄደች። ወንድሟ የሚኖረው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሚስቱ ከፈተችላት። ያቺ ደልዳላ ሴት አንገቷ ቀጥኗል፣ ጠጉሯ ከፊት ሳስቷል። ወንበር ሳበችላትና ከፊቷ ቆመች።

«እቴቴ፣ ያኔ የተናገርኩትን…» አለች።

«አትጨርሺው» አለች ሰፊዋ።

አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀችው ቃል ነበር። ሲመጣ ጊዜ መስማት አልቻለችም።

«ቀሚሱ አላጠረም ነበር» አለች።

ሚስትየዋ አልገባትም። ሰፊዋ ነገረቻት። ስለ ሦስቱ እጥፋት፣ ስለ ላላው ስፌት፣ ፈትቶ ለመተኮስ ሩብ ሰዓት እንኳ እንደማይፈጅ። ስድስት ዓመቷ ድረስ ያደርሳት እንደነበር፣ ለሁሉም እናት እንደምታሳይ።

«ላንቺ ግን አላሳየሁሽም። ረስቼ አይደለም። ተናድጄብሽ፣ አውቄ ነው። አጥሯል ብለሽ ስታወሪም ሰምቼ ዝም አልኩ። ድንቡሼን ያስለቀሳት ያንቺ ስስት አይደለም። እኔ ነኝ።»

ሚስትየዋ ቁጭ አለች። ከታች መንገድ ላይ መኪና ሲያልፍ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ።

«እያለቀሰች እንደነበር ታውቂ ነበር?» አለች።

«ማልቀሷን አልሰማሁም። ብሰማ ኖሮ እነግርሽ ነበር ልልሽ እፈልጋለሁ። እልክ ይዞኝ ነበር፤ እንጃ።»

ሚስትየዋ ተነስታ ወደ መኝታ ክፍል ገባች። ሳጥን ሲከፈት ተሰማ። ከዚያም ጨርቅ ሲገለበጥ። ሰፊዋ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ሚስትየዋ ባዶ እጇን በሩ ላይ ቆመች።

«ስድስት ዓመቷ ድረስ?» አለች።

«አዎ።»

«ሂጂልኝ» አለች፤ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ።

ሰፊዋ ሄደች። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ተመልሳ መጥታ አንኳኳች። ከውስጥ የእግር ኮቴ ይሰማል፤ በሩ ግን አልተከፈተም። ደረጃው ላይ ተቀመጠች። የታዘዘውን የሚስትየዋን እህት ልጅ ቀሚስ ጀምራ ይዛ መጥታ ነበርና ጠርዙን እየዘመዘመች አንድ ሰዓት ቆይታ ተመለሰች። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ አደረገች። በአራተኛው ቀን የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ይዛ የምትወጣ ጎረቤት ልታልፍ ስትል ቆም ብላ፣ «እናቴ፣ ደረጃውን ተከራየሽው እንዴ?» ብላ ቀለደችባት። ሰፊዋ ጉልበቷን ሰብስባ መንገድ ለቀቀችላትና፣ አይ፣ የቤቱ ዘመድ ነኝ አለቻት።

ወንድሟ ሥራ ቦታዋ ድረስ መጥቶ ለመናት። ትንሽ ጊዜ ስጫት፣ አትበላም አትተኛም፣ አንቺን ስታይ ይብስባታል አላት። ሰፊዋ እህል ስላለመቅመሷ አዝና ጠየቀችው፤ አልመጣም ግን አላለችውም።

በሰባተኛው ቀን ስታንኳኳ በሩ ተከፈተ። ሚስትየዋ ፊቷን አላሳየቻትም፤ በሩን እንደ ተከፈተ ትታው ወደ ውስጥ ተመለሰች። ሰፊዋ ገብታ በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። እስከ ቀትር ድረስ የያዘችውን ቀሚስ ስትሰፋ ቆየች።

በማግስቱም ሄደች።