ያልተጨረሰው መስመር

ሰማዩ ጦሳ ተራራ ላይ ሲያጉረመርም ወይዘሮ አረጋሽ ከመደቡ ብድግ ብለው ሶኬቱን ሁሉ መነቃቀል ያዙ። ቴሌቪዥኑን፣ ምድጃውን፣ ያንን ጥቁር ገመድ። ሆጤ ሰፈር ከገቡ ጀምሮ ነጎድጓድ በሰሙ ቁጥር እንዲሁ ናቸው፤ የጎረቤታቸው ቆጣሪ በመብረቅ ሲነድ በዓይናቸው አይተዋል። ጥቁሩ ገመድ የነፃነት ላፕቶፕ መሆኑ ትዝ ያላቸው ከነቀሉት በኋላ ነው።



የልጅ ልጃቸው ነፃነት ጧት ወደ ኮምቦልቻ ፋብሪካዋ ስትሮጥ ገመዱ እንዳይነቀል አደራ ብላቸው ነበር። ሦስት ቀን የጻፈችው ማመልከቻ ሴቭ ሳይደረግ ፕሮግራሙ ደርቆ ቀርቷል። ሐዋሳ ሄዳ ሁለት ዓመት የምትሠለጥንበት ነው፤ ምዝገባው ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል።

ደወሉላት። የማሽኑ ጩኸት ቀድሞ መጣ።

"እማዬ፣ ምን ሆኑ? አመመዎት?"

"እኔስ ደህና ነኝ። ዕቃሽን ነቀልኩት፣ መብረቁን ፈርቼ።"

"ወይኔ! ባትሪው እኮ አርጅቷል! ሀፊዝን ይጥሩት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እደርሳለሁ…" ስልኩ ተቋረጠ።

ሀፊዝ፣ ማዶ ያለው የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ ባለቤት፣ ዝናቡን ከራሱ ላይ እያራገፈ ገባ።

"እማማ፣ ከመብረቁ ጋር ዛሬም አልታረቃችሁም?"

"ቀልዱን ተውና እየው።"

አጎንብሶ አየ። "መልስ አልሰጥም ብሏል። በግድ መዝጋት ይቻላል።"

"ዝጋዋ እንግዲህ!"

"ኧረ ቀስ! ሴቭ ያልሆነ ነገር ይዞ በግድ ከተዘጋ ጽሑፉ ይሄዳል። አንዳንዴ ራሱ ያተርፈዋል፣ አንዳንዴ የለም። ወላሂ፣ ዋስ አልሆንም። ቆይቶ በራሱ የሚነቃም አለ። ባትሪው ካለቀ ግን በግድ እንደመዝጋት ነው።" ገመዱን ሊሰካ እጁን ሰደደ።

ክንዱን ያዙት። "ተው! መጀመሪያ መብረቁ ይለፍ።"

"እሺ፣ እንደራቀ ይሰኩት። አብሽሩ።" ደንበኛ ጥሎ ነበርና ሮጠ።

ነጎድጓዱ ብዙ አልቆየም፤ ወደ ኮምቦልቻ ወረደ። ወይዘሮ አረጋሽ ገመዱን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። የባትሪዋ ምልክት ቀይ ሆናለች። አልሰኩም።

ማን ይወቅሳቸዋል? መብረቅ ነው፤ አሮጊት ፈራች። ልጅቱ ሳምንት ታለቅሳለች፣ ከዚያ ሐዋሳን ትተወዋለች። ማታ ማታ ጫማዋን ደጃፉ ላይ ስታራግፍ ይሰማሉ። "እማዬ፣ በሉ?" የሚላቸው ይኖራል። እናቷን ከቀበሩ ወዲህ በዚህ ቤት ሌላ ድምፅ የለም። ቴሌቪዥኑ እንኳ ተነቅሏል።

መነጽራቸውን አድርገው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። ፊደሉን አያጡትም፣ ስድስተኛ ክፍል ደርሰዋል። የመጨረሻውን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፤ "ሥልጠናውን ስጨርስ የምመለሰው" ይልና እዚያው ቆሟል።

ወዴት እንደሆነ አልተጻፈም። ደግመው አነበቡት። ከታች ነጭ ብቻ ነው።

"ወዴት ልትይ ነበር፣ ልጄ?" አሉ ጮክ ብለው።

በጉልበታቸው ተንበርክከው ሶኬቱን በእጃቸው ዳበሱና ሰኩት። ትንሿ መብራት በራች። በርጩማቸውን አስጠግተው ተቀመጡና ገመዱን ማንም እንዳይረግጠው በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑት፤ ቤት ውስጥ ግን ከእሳቸው በቀር የሚረግጥ አልነበረም።

ሰማዩ ተመልሶ ጦሳ ላይ አጉረመረመ። ዓይናቸውን ጨፈኑ እንጂ ሊነቅሉት ከበርጩማው አልተነሱም።