ማጣሪያው ሲነሳ

የሕክምና ኮሌጁን ቤተ መጻሕፍት የሚመሩት ሴት አፋቸው ሥራ ፈትቶ አያውቅም፤ ተማሪዎችም ይህን አይተው «እሜቴ ጸጥታ» የሚል ስም አውጥተውላቸዋል። ኩራታቸው የመረጃ ቋታቸው ነበር። በየአገሩ የሚታተሙ የሕክምና ጥናቶች የሚፈለጉበትን ይህን ቋት ለኮሌጁ ሰዎች እንዲመች አድርገው ያስተካከሉት እሳቸው ናቸውና፣ ስለ እሱ ሲያወሩ ልጃቸውን የሚድሩ ይመስሉ ነበር።

ተለማማጇ ሐኪም ግን ከአጠቃቀሙ ሥልጠና ቀርታለች። ከክፍሏ አንደኛ ለወጣች ልጅ ቃል ጽፎ መፈለግን ማን ያስተምራታል?

አሁን የምትፈልገው ለፈተና አልነበረም። ልብስ ሰፊው አባቷ፣ ሳንባ እያጠጠረ የሚሄድ በሽታ ይዞት፣ እዚያው ግቢ ሆስፒታል ውስጥ ተኝቷል። በቋቱ ውስጥ አንድ ጥናት አግኝታለች፤ ለሌላ ሕመም የሚሰጥ የታወቀ መድኃኒት ይህን መጠጠር ገትቶ እንዳቆመ ይናገራል። ደስታዋን መያዝ አቅቷት አልጋው አጠገብ ቆማ አነበበችለት። አባትየውም ለክፍሉ በሽተኛ ሁሉ አዳረሰ፤ ይልቁንም ያው በሽታ ለያዘው ለጎረቤቱ ለሾፌሩ፦ «አይዞህ፣ ልጄ መድኃኒታችንን አግኝታዋለች!»

የክፍሉ ዋና ሐኪም ግን ወረቀቱን አንብበው መለሱላት። «በአንድ ምስክር አይፈረድም። የሚደግፈው ሌላ ጥናት አምጪ፤ ያን ጊዜ እንጀምርላቸዋለን።»

ፈለገች። ቃሉን ብትገለብጠው፣ ብታሳጥረው፣ ብታስረዝመው የሚመጣላት ያው አንዱ ጽሑፍ ሆነ። ሲጨንቃት ወደ እሜቴ ጸጥታ ጠረጴዛ ሄደች።

«እትዬ፣ ቋቱ ሳይበላሽ አይቀርም።»

«ቋቴን ተይና ዓይንሽን ተመርመሪ!» ወንበራቸውን እየጎተቱ መጡ። «ማጣሪያውን አንስተሻል?»

«የቱን ማጣሪያ?»

«ወይ ጉድ! አንደኛ ወጣች የተባልሽው አንቺ አይደለሽም? ሥልጠናው ላይ የት ነበርሽ?»

«ቀርቼ ነበር።»

«ይኸው! ማጣሪያውን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ቤተ መጻሕፍታችን ሙሉውን ሊያስነብባችሁ የሚችለውን ጽሑፍ ብቻ እንዲያወጣ ነው። የማትከፍቱትን ርዕስ እያያችሁ ‹ላም አለኝ በሰማይ› እንዳትሉ ብዬ እኮ ነው። ሁሉንም ስትፈልጊ ይህችን ምልክት ታጠፊያለሽ፤ ያጣሽውን ከሌላ ቤተ መጻሕፍት አስልክልሻለሁ።»

ምልክቷን አጠፋች። ገጹ በርዕስ ተጥለቀለቀ፤ የእያንዳንዱም አጭር መግለጫ ከሥሩ ይነበባል። ልቧ ዘለለ።

«አየሽ? ጎተራው ሙሉ ነው!» አሉ እሜቴ ጸጥታ፣ ራሳቸው ያመረቱት ይመስል።

የመጀመሪያውን አነበበች፤ በብዙ በሽተኞች ላይ ተሞክሮ ልዩነት አላመጣም። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሌላው ደግሞ መድኃኒቱን የወሰዱት ካልወሰዱት ቀድመው ስለሞቱ መሐል ላይ የተቋረጠ ጥናት ነበር። ወረድ ሲል፣ ያን ተስፋ የሰጣትን ጽሑፍ የጻፈው ሰው ራሱ፣ የፊተኛው ውጤት የአጋጣሚ ነገር እንደነበር አምኖ ጽፏል። አንዱ እንኳ ይከራከርልኝ ብላ እስከ ታች ወረደች። የተከራከረላት የለም።

እሜቴ ጸጥታ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ለማን ነበር፣ ልጄ?»

«ለአባቴ።»

ጣታቸውን ወደ ምልክቷ ሰደዱና «ማጣሪያውን ልመልሰው?» አሉ፤ ወዲያው ግን የጥያቄያቸው ከንቱነት ገብቷቸው እጃቸውን ሰበሰቡ።

አባቷ ትራስ ተደግፎ፣ ራሱ በሰፋው ዛሬ ግን ሁለት ሰው በሚይዝ ቢጃማ ውስጥ ሰጥሞ ጠበቃት።

«መጣች የእኔ ፕሮፌሰር! ምስክር ተገኘ?»

«ተገኘ፣ አባዬ። ብዙ ተገኘ።»

ፊቱ ሊበራ ሲል የወደቀ ትከሻዋን አየ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ትከሻ ሲለካ የኖረ ነው።

«በእኛ ላይ ነው የመሰከሩት?»

«ሁሉም።»

ዓይኑን ከጣሪያው ላይ አሳረፈ። በዚህ መሐል ሾፌሩ ከጎረቤት አልጋ አንገቱን አሰገገ።

«ዶክተር፣ ለእኔስ አብሮ ይጀመርልኛል አይደል? አባትሽ ቃል ገብቶልኛል።»

አፏን ስትከፍት አባቷ እጇን ያዛት። «ወሬውን የዘራሁት እኔ፤ የምለቅመውም እኔው ነኝ» አለና በጎኑ ዞረ። «ስማኝ፣ ወንድሜ፣ ያ መድኃኒት...»

ትንፋሹ ለዐረፍተ ነገሩ አልበቃ አለ። እንደገና ሞከረ፤ እንደገና እዚያው ላይ ተቆረጠ። ሾፌሩ ፈገግታውን እንደያዘ ይጠብቃል። ልጅቷ የአባቷን እጅ ሳትለቅ፣ የጀመረውን ጨረሰችለት።