የእንቅልፍ ሰዓት

ሁስና የሕፃናቱን መጥሪያ የሠራችው ከባዶ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ነው። የደረቀ ኮረሪማ ከነልጣጩ ጨመረችበትና፣ ትንሽ ልጅ ፍሬውን አውጥቶ እንዳይውጥ ክዳኑን በጨርቅና በሲባጎ ጠፍራ አሰረችው። ጠጠር ቢሆን ይንኳኳል፤ ኮረሪማ ግን ሿ ሿ ይላል። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከሌላ ነገር አይወጣም።

ቆርቆሮውን የምታወዛውዘው መክሰስ ሲደርስ ብቻ ነበር። ለጨዋታ አትሰጣቸውም፣ የሚያለቅስም አታባብልበትም። ስለዚህ ሚዛን ተፈሪ ገበያ አጠገብ እርሷ ቤት የሚውሉት ሕፃናት፣ አፋቸውን ያልፈቱት ጭምር፣ ድምፁን ሲሰሙ የያዙትን ጥለው ይመጡ ነበር። የሚጠብቃቸው በሙዝ የተለወሰ በሶ ነው። ሙዙን በሹካ ትፈጨዋለች፣ በሶውን ጥቂት በጥቂት ትጨምራለች፣ በጣት ሲጫኑት መጣበቁን ሲተው በትንንሹ ታድቦለቡለዋለች።

ከበሉ በኋላ ሊጥ ነው። ዱቄት፣ ጨው፣ ጠብታ ዘይትና ውሃ ለውሳ፣ ከቴፒ በሚመጣ እርድ ቢጫ ታደርገዋለች። ልጆቹ እባብ ነው፣ ላም ነው እያሉ ይጠፈጥፉታል። እርዱ መዳፍ ላይ ይቀራል፤ ሳሙና ያደበዝዘዋል እንጂ በአንድ ቀን አያስለቅቀውም። እርዱን የምትወቅጠው ሹክሪያ ነበረች፤ የአጥር ጎረቤቷ፣ የሁለት ዓመት ልጇን ፈሀድን ይዛ እየመጣች አብራት የምትሠራ። የልጅ አያያዙን ያስተማረቻት ሁስና ናት።

ያችው ሹክሪያ ነበረች አንድ ሰሞን እናቶቹን እየሸኘች ወደ ጆሯቸው ጠጋ ማለት የጀመረችው።

«የልጅሽን እጅ አይተሽዋል? ሁስና ቤት የወፍ በሽታ ገብቷል። እኔ እንኳ ፈሀድን አስቀርቻለሁ።»

እናቶቹ የልጆቻቸውን መዳፍ ገልጠው አዩ። ቢጫ ነው።

«የወፍ በሽታ ዓይንንም ቢጫ ያደርጋል» አለች ሁስና፣ በየደጃቸው እየዞረች። «የዓይናቸውን ነጭ እዩት፤ ወተት ነው። ይሄ እርድ ነው።» ማንም አልሰማትም። አብራት የምትሠራው ልጇን አስወጥታ የለም እንዴ? ቤቷ ባዶ ቀረ። ሹክሪያ ሳሎኗ ውስጥ ምንጣፍ ዘርግታ ልጆቹን ስትቀበል ሁስና ነገሩ ገባት።

አልጮኸችም፣ ሽማግሌም አልላከችም። የፈለገችው አንድ ነገር ነበር፦ ሹክሪያ በራሷ አፍ፣ በእናቶቹ ፊት «ዋሸሁ» እንድትል።

ከቀርከሃው አጥር ሥር በርጩማ ይዛ ተቀመጠችና አዳመጠች። ከምሳ በኋላ ለቅሶ፣ ከዚያ እሹሩሩ፣ ከዚያ ዝምታ። ሕፃን ሲተኛ መጀመሪያ ዓይኑ ይከደናል፤ ቆይቶ የጨበጠው እጁ ይላላል። እጁ ከላላ በኋላ የተቀሰቀሰ ልጅ ተመልሶ አይተኛም፣ እስኪመሽ ሲነጫነጭ ይውላል። ሁስና እጆቻቸው የሚላሉበትን ጊዜ ጠብቃ ቆርቆሮውን አነሳች።

ሿ ሿ ሿ።

ማዶ አንዱ ጮኸ። ከዚያ ሁሉም። «ሁሱ! ሁሱ!»

«እትዬ ሁስና! ምን እያደረግሽ ነው?»

«ኮረሪማዬ እንዳይሻግት እያገላበጥኩ። ዝናቡን አታዪም?»

«ልጆቹ ተኝተው ነበር እኮ!»

«አስተኚያቸዋ። ሙያሽ አይደል?»

«ወላሂ ቀበሌ ሄጄ እናገራለሁ!»

«ሂጂ። ኮረሪማ ነቀነቀች በይ። በሽታ አመጣች ከማለት ይቀላል።»

ሹክሪያ ዘዴ ፈለገች። ሌላ ቆርቆሮ በባቄላ ሞልታ ቀድማ አንኳኳች፣ ብስኩት አደለች። ልጆቹ ብስኩቱን በሉ፤ ሿሿታው ሲመጣ ግን ተነስተው አጥሩ ላይ ተለጠፉ። አንዳንድ ቀን ሁስና ቆርቆሮውን ሳትነካው ትውል ነበር፤ ሹክሪያ ዛሬስ ተወችኝ ብላ ጋደም እንድትል። በማግስቱ ትቀጥላለች።

ልጆቹ ወደ ቤት ሲመለሱ ባጃጅ ውስጥ ያንቀላፋሉ፣ እናቶቹ ሊተኙ ሲሉ ደግሞ ይነቃሉ። የሳራ እናት መምህርት ትርፌ አንድ ቀን ሹክሪያ ቤት ቀደም ብላ ስትመጣ ልጇን የቀርከሃውን አጥር አቅፋ ስታለቅስ አገኘቻት። ዞራ የሁስናን በር ገፋች።

«ሴትዮ፣ በልጆቻችን ነው እንዴ የምትበቀዪው?»

«አዎ» አለች ሁስና። «ሹክሪያን ይዘሽልኝ ነዪ፣ አቆማለሁ። ሌሎቹም እናቶች ይምጡ።»

በማግስቱ እናቶቹ ሹክሪያን ይዘው የሁስና ግቢ ውስጥ ቆሙ። ሁስና ገና የተለወሰ ሊጥ በሳህን አምጥታ ሹክሪያ ፊት አስቀመጠች።

«በእጅሽ እሺው።»

«እኔ ምን በወጣኝ!»

«ምን አለበት፣ ንኪው እንጂ» አለች ትርፌ።

ሹክሪያ አሸችው፤ መጀመሪያ በጣቷ ጫፍ፣ ቀጥሎ ሁሉም ስላዩዋት በሙሉ እጇ።

«በይ አሁን ታጠቢና አሳዪያቸው።»

ታጥባ እጇን ዘረጋች። መዳፏ ቢጫ ነበር።

«ታመምሽ?» አለች ሁስና። ከእናቶቹ አንዷ ሳቀች።

ሹክሪያ መዳፏን በቀሚሷ ጠረገች።

«እርዱን ማን ነበር የሚወቅጠው?»

«እኔ።»

«ቢጫው ከምን እንደሆነ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እና?»

«ዋሸሁ።»

«ከኋላ ያሉት አልሰሙም።»

«ዋሸሁ አልኩ!»

ሳምንት ሳይሞላ ልጆቹ ሁሉ ተመለሱ። እናቶቹ አፍረው፣ አንዷ ሙዝ፣ አንዷ ስኳር ይዘው መጡ። ሁስና ተቀበለች። የፈለገችውን አግኝታለች፤ ንዴቷ ግን እንደ ነበረ ነው። እርሷ ደጅ ለደጅ ስትለምን የዘጉባት በሮች አንድ በአንድ ትዝ ይሏታል፤ ከእያንዳንዱ በር ኋላ የሹክሪያ ድምፅ ነበረ።

ሹክሪያ ፈሀድን አቅፋ መጣች።

«እትዬ፣ እሱን ተቀበዪልኝ። እንደማንም እከፍላለሁ። ሥራ መፈለግ አለብኝ።»

«ልጅሽን በሽታ ያለበት ቤት ታስገቢያለሽ?»

«ልጁ ምን አደረገሽ?»

«ምንም። እናቱ ጋ ይዋል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆርቆሮው በተወዛወዘ ቁጥር ፈሀድ ብቻውን ከአጥሩ ማዶ ይመጣል። ጣቶቹ በቀርከሃው ክፍተት ይወጣሉ። ሁስና ሁለት ቀን አየቻቸውና አለፈች፤ በሦስተኛው ቀን ቆመች። ሕፃን ከአንድ እጅ መብላት ከለመደ የሌላውን እጅ እንደሚገፋ ከእርሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ድብልብሏን መዳፉ ላይ አኖረችለት። በላ። በማግስቱም ሰጠችው፣ በማግስቱም። ከማዶ የሹክሪያ ልመና ይሰማ ጀመር። «ትንሽ ቅመስ እንጂ፣ የኔ ልጅ፣ ለእማዬ ብለህ…» ሳህን ሲገፋ ይሰማል።

አንድ ከሰዓት ፈሀድ በልቶ ከጨረሰ በኋላ እጁን መልሶ ዘረጋ።

«እማዬ» አላት ሁስናን። «ድገሚኝ።»

ከኋላው ሹክሪያ ያልተነካ የገንፎ ሳህን ይዛ ቆማ ነበር። በክፍተቱ በኩል ተያዩ።

ሁስና ወደ ልጁ ጎንበስ አለች።

«ወዬ፣ የኔ ልጅ» አለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ እና ሌላ ታድቦለቡልለት ጀመር።