ሳይቆጠሩ የቀሩ ልጆች

በነሐሴ፣ የቦርከና ወንዝ ሞልቶ የጨፋን ማሳ ባጥለቀለቀ ሰሞን፣ ወንዝ ዳር ካለችው መንደር አተት ገባ። መጀመሪያ ሁለት ሽማግሌዎች ታመው ወደቁ። በሦስተኛው ቀን ሲራጅ የሚባል ወጣት የጤና ባለሙያ ላፕቶፑን ታቅፎ ከከሚሴ መጣና መስጊዱ አጠገብ ድንኳን አስተከለ።

ሲራጅን የቸገረው የሕዝቡን ብዛት አለማወቁ ነበር። በጦርነቱ ግርግር ጊዜ የተሰደደ አለ፣ የተመለሰ አለ፤ የቀበሌው መዝገብ አይታመንም። ስለዚህ በጎልማሶች ትምህርት መጻፍ የቻለችውን ዑሙልኸይርን ጠርቶ ደብተርና እስክሪብቶ ሰጣት።

«በየቤቱ ስንት ነፍስ እንዳለ ጽፈሽ አምጭልኝ፤ አደራ።»

«ቁጥሩ ምን ያደርግልሃል፣ ወንድሜ?»

ላፕቶፑን ወደ እሷ አዞረው። ስክሪኑ ላይ እንደ ኮረብታ ወጥታ የምትወርድ ቀይ መስመር ነበረች። «የሰዉን ብዛት፣ አንዱ ታማሚ ስንት ሰው እንደሚያሲዝም አስገባለሁ። ሒሳቡ ነገ ስንት ሰው እንደሚታመም፣ ከነገ ወዲያ ስንት እንደሚሆን ይገምትልኛል። በዚያው ልክ ግሉኮስ አስመጣለሁ። ሌላውም ቀበሌ ስለሚፈልግ ትርፍ አይሰጡኝም።»

መጀመሪያ የሄደችው ጎረቤቷ እትየ ረቢአ ዘንድ ነው።

«አካም ቡልታን፣ እትየ? ስንት ናችሁ?»

«እኔና ሸኽየው።»

«የልጅ ልጆቹስ?»

አሮጊቷ አፏን በእጇ ያዘች። «ኢጆሌ ሂን ለካኢን! ልጅ ይቆጠራል እንዴ? ያውም ሞት ደጃችን ቆሞ! ፊደል ለየሁ ብለሽ ልጆቻችንን ለክፉ ዓይን ልትሰጭ ነው?»

«አስታግፊሩላህ! ምን አልኩና ነው፣ እትየ?» አለችና «2» ብላ ጻፈች።

እሷም ብትሆን ልጆቿን ቆጥራ አታውቅም። ስንት አሉሽ ሲሏት «አላህ የሰጠን አሉ» ነበር መልሷ። በየቤቱ አዋቂ አዋቂውን እየጻፈች ዞረች። በራሷ ቤት ላይም ራሷንና ባሏን ሙሳን ብቻ ጻፈች።

«ሁሉም ሰው አለበት?» አላት ሲራጅ ደብተሩን ሲቀበል።

እሱም ያገሩ ልጅ ነው፣ ልጅ እንደማይቆጠር ይገባዋል ብላ ራሷን አጽናናች። «አዎ» አለችው።

መስመሯ ሲራጅ በመጣ በአራተኛው ቀን ዘጠኝ ሰው ይመጣል ብላ ነበር። የመጣው ሃያ ሁለት ነው፤ አብዛኛው ልጅ። ዑሙልኸይርም የስድስት ዓመት ልጇን ነዋልን አዝላ ከነሱ መሃል ነበረች። ቀትር ሳይደርስ ግሉኮሱ አለቀ። የከሚሴው መንገድ በጎርፍ ተቆርጧል፤ ሲራጅ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ድንኳኑን ይዞራል። በኩባያ የሚሰጣትን መድኃኒት ነዋል ወዲያው ታስመልሰዋለች።

«እማ፣ ውሃ።»

«እሺ የኔ እናት፣ አብሽሪ።»

ሲራጅ ስልኩን ዘግቶ ላፕቶፑን አየና ቀና አለ። «እነዚህ ሁሉ ልጆች ከየት መጡ?»

ዑሙልኸይር ነዋልን ደረቷ ላይ አስጠጋቻት። «ከቤታቸው ናቸዋ» አለች። «አልቆጠርናቸውም።»

እየጮኸ ይሰድበኛል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን መሬቱ ላይ ቁጭ አለ። «እኔ ነኝ መጠየቅ የነበረብኝ» አለ። «የኔም እናት እኮ አትቆጥረንም ነበር።»

ነዋል ከዐስር ሰላት በፊት እናቷ ክንድ ላይ አረፈች። ያን ቀን አምስት ልጆች ሞቱ። ግሉኮሱ በማግስቱ፣ ጎርፉ ጎደል ሲል ደረሰ።

ነዋል በሞተች በሦስተኛው ቀን ሲራጅ ሊያጽናናቸው ለተዕዚያ መጣ። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ዱዓ አደረገና እንዳቀረቀረ ቀረ። ሌላ ነገር እንደፈለገ፣ ለመጠየቅ ግን አፉ እንዳልታዘዘለት ገባት።

«ደብተሩን አምጣው፣ እንደገና እዞራለሁ» አለችው።

«ሌላ ሰው ይሂድ፣ እህቴ። አንቺ ሐዘንተኛ ነሽ።»

«ለሌላ ሰው አይነግሩትም።»

እያንዳንዱን በር አንኳኳች። «አትቁጠሩልኝ» አለቻቸው። «ስማቸውን ብቻ ጥሩልኝ፤ መቁጠሩን እኔ እችለዋለሁ።» እትየ ረቢአ ከልጅ ልጆቿ ሁለቱ ታመው ድንኳን ውስጥ ተኝተውባታል። የስድስቱንም ስም እያለቀሰች ጠራች፤ ዑሙልኸይር ፊደሉ እየጠፋት፣ እየሰረዘች ጻፈች። በራሷ ገጽ ላይ የቀሩላትን ልጆች፣ በድሩንና ሙናን አሰፈረች። የሞቱት ለብቻ ይጻፉ ስለተባለ የነዋልን ስም መጨረሻው ገጽ ላይ፣ ከአራቱ ልጆች በታች ጻፈችው።

ሲራጅ ቁጥሩን አስገባ። መስመሯ ተነስታ ከበፊቱ እጥፍ ከፍ አለች።

«አሁን ትክክል ነው?» አለችው።

«አሁን ትክክል ነው። በዚህ ልክ አስመጣለሁ።»

«የሞቱትስ አሉበት?»

ከሥር ያለችውን ጥቁር መስመር አሳያት፤ አራተኛው ቀን ላይ አንዲት ነጥብ አለች። «አምስቱም እዚች ነጥብ ውስጥ ናቸው።»

ዑሙልኸይር ጎንበስ ብላ ነጥቧን አየቻት። «የቷ ጋ ናት የኔዋ?»

ሲራጅ ጣቱን ከስክሪኑ ላይ አነሳ። እሷ ግን እንዳጎነበሰች ነጥቧ ውስጥ ነዋልን መፈለጓን አልተወችም።