መጋረጃው የሚገለጥበት ቀን

እና የቅጹ የመሃሏ ሳጥን ባዶ ናት፣ መነሻው ተሞልቷል፣ የዓመቱ መጨረሻ ተሞልቷል፣ ይህቺ በመካከል ያለችው ብቻ ዓይኗን አፍጥጣብኛለች፣ እስከ ሦስተኛው ወር ስንት በመቶ፣ ናዛር በሩን ተደግፎ ሳቦሀት ዘጠና አምስት ብለሽ ጻፊና እንገላገል ይለኛል፣ የወረዳው ጤና ጣቢያ ኃላፊ ነው፣ ለሌላው ዶክተር፣ ለእኔ አብሮኝ የተማረ ናዛር፣ የሚኒስቴሩ መኪና እኮ ግቢ ውስጥ ቆሟል፣ ሾፌሩ ወረቀቱን ስጡኝ፣ በዚህ በረዶ መንገድ ላይ ሳይመሽብኝ ልውጣ እያለ ነው፣ እሺ፣ አንድ አፍታ፣ እላለሁ፣ እርሳሱ ግን አይንቀሳቀስም።

እንዴት ያለ ጸጥተኛ ልጅ ነው።

ጠዋት አማቴ ያሉት ነው፣ የባሌ እናት፣ ሁላችንም ቢቢ ነው የምንላቸው፣ አያት እንደማለት፣ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው፣ የልጄን የዳለርን አራስ ሚስትና ልጁን እሳቸው ናቸው የሚጠብቁት፣ አምስት ቀኑ ነው ልጁ፣ ስም እንኳ አልወጣለትም፣ አባቱ ሩሲያ ጡብ እየደረደረ በስልክ ስም ይመርጣል፣ ቢቢ እንዲህ ያለ ልጅ አይቼ አላውቅም አሉ፣ አያለቅስ፣ አያስቸግር፣ እኔም ደስ ብሎኝ የወተት ሻዬን ጨልጬ ወጣሁ፣ አሁን ምን አስታወሰኝ፣ ምን ይሆናል ብዬ ነው፣ ጸጥተኛ ልጅ በረከት ነው። ዘጠና አምስት። ጻፊው በቃ።

አልጽፍም ገና።

ይህን ምዕራፍ የሚሉትን ነገር እኮ ወድጄው ነበር፣ ከዋና ከተማ የመጣችው አሠልጣኝ ሰሌዳው ላይ ረጅም መስመር አሠመረች፣ ይሄ መነሻችሁ፣ ያ ግባችሁ፣ መካከል ላይ ምዕራፍ አስቀምጡ አለች፣ ቆም ብላችሁ መንገዱ ላይ ነን ወይስ ስተናል ብላችሁ የምትጠይቁበት፣ ዕድሜዬን ሙሉ ቁጥር ስደምር እንዲህ ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም፣ ልቤ ሞቀ፣ እና ጻፍኩ፣ እናቶች በሰባት ቀን ውስጥ ሕፃኑን ይዘው ጤና ጣቢያ ይመጣሉ፣ ሰማንያ በመቶ። እኔው ነኝ የጻፍኩት። እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ወልጄ፣ አራስ አርባ ቀን ሳይሞላት ከቤት እንደማትወጣ እያወቅኩ፣ መጋረጃው እንደማይገለጥ፣ መብራቱ ቀን ከሌት እንደማይጠፋ፣ ከትራሱ ሥር ዳቦ እንደሚቀመጥ እያወቅኩ፣ ክፍሉ ውስጥ አሥራ አራት ነበርን፣ አሥራ አራታችንም እናውቃለን፣ አንድ እጅ አልወጣም፣ ማን ኋላ ቀር ይባል። ከሦስት ወር በኋላ አሥራ አንድ በመቶ መጣ።

ከዚያ ብልሃት አመጣሁ። እኔው ነኝ ያም። እናቶቹ ካልመጡ አዋላጇ ትሂድ፣ መሄዷ ይቆጠር፣ ምስኪን ጉልቸህራ በጭቃው ከቤት ቤት፣ ግን አራስ ቤት እንግዳ አይገባም፣ ስለዚህ የግቢው በር ላይ ትቆማለች፣ እንዴት ናችሁ፣ ሕፃኑስ፣ ተመስገን ተኝቷል፣ በሉ ያሳድግላችሁ፣ መዝገቡ ላይ ምልክት ታደርጋለች፣ ዘጠና አራት በመቶ። የምስጋና ደብዳቤ መጣልን። ናዛር በመስታወት አሠርቶ ሰቀለው፣ ያውና።

ጉልቸህራ እጇን ልታሞቅ ምድጃው ጋ ትገባለች፣ አፍንጫዋ ቀልቷል፣ አፓ ጽፈሽ ጨረስሽ ትለኛለች፣ አፓ፣ ታላቅ እህቷ መሆኔ ነው፣ የእኛን ቤት አየሽው እላታለሁ፣ እንዴ፣ በሦስተኛው ቀን ነው የሄድኩት፣ ቢቢ ራሳቸው በር ላይ ወጥተው ደህና ነው አሉኝ፣ ተኝቷል አሉኝ፣ ልጁንስ አየሽው፣ ትስቃለች፣ አፓ ደግሞ፣ ቢቢ በዱላ ሊያባርሩኝ ነው እንዴ የምትፈልጊው። መዝገቡን እስባለሁ፣ ገጹን እገልጣለሁ፣ የዳለር ቤት፣ ምልክት፣ በሰማያዊ ብዕር፣ ደህና። ከላዩ ያለው ደህና። ከታቹም ደህና። ከዘጠና አራት በመቶው ቤቶች ውስጥ ስንቱን ሕፃን ሰው አየው።

ይጠባል ወይ ብዬ አልጠየቅኩም።

ጠይቄ አይደለም፣ ኒሶ ነግራኛለች፣ ምራቴ፣ ገና ሃያ ዓመቷ፣ ትናንት ማታ ነው፣ ኦቻ ሁለት ጊዜ ይስብና ያንቀላፋል፣ ጡቴ ደንድኖ አመመኝ አለችኝ፣ ኦቻ ትለኛለች፣ እናቴ፣ እኔስ ምን አልኳት፣ ይለመዳል የኔ ቆንጆ፣ ይለመዳል። ገጽ አሥራ ሁለትን የተየብኩት እኔ ነኝ፣ የአዋላጆቹ መመሪያ ላይ፣ የሕፃናት የወፍ በሽታ ምልክቶች፣ እንቅልፍ የሚያበዛ፣ የማይጠባ፣ ግንባሩን በጣት ተጭኖ ሲለቁት ቢጫ የሚሆን፣ በቀን ብርሃን መታየት አለበት፣ በአምፖል ብርሃን አይለይም። አይለይም ብዬ ተይቤያለሁ፣ በሁለት ጣቴ፣ ሻይ እየጠጣሁ።

በአምፖል አይለይም።

ልጄ ጸጥተኛ ነበረች። ይኸው መጣች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ስሸሻት ዛሬ በቢቢ አፍ መጣች፣ የመጀመሪያዬ፣ ከዳለር በፊት፣ የጦርነቱ ክረምት፣ ዘጠኝ ቀን ብቻ፣ እንዴት ያለች ጸጥተኛ ልጅ ናት ይሉ ነበር ቢቢ፣ በዚያን ጊዜ ጠጉራቸው ጥቁር ነበር፣ እኔም ኮራሁ፣ እናቷን የማታስቸግር ልጅ ወለድኩ ብዬ፣ እኔ ተኝቼ፣ እሷ ተኝታ፣ የኩራዙ መብራት ሁሉንም ነገር ቢጫ አድርጎት፣ ግድግዳውን፣ ዳቦውን፣ እጄን፣ በዘጠነኛው ቀን አልነቃችም፣ ሊያጥቧት ወደ ግቢ ሲያወጧት በመስኮቱ ቀዳዳ አየሁ፣ በረዶው ላይ፣ እንደ በሰለ ኮክ ነበረች። ቢጫ። ለማንም አልተናገርኩም። ቁጥር ተማርኩ እንጂ። ሕፃናት እንዳይሞቱ የሚሠራ ቢሮ ገባሁና ሕፃናትን እቆጥራለሁ።

ወዴት ነው ይለኛል ናዛር፣ ካፖርቴን እየደረብኩ ነው፣ ወረቀቱስ፣ እርሳሱ ጆሮዬ ላይ ነው መሰለኝ፣ አቆየው፣ መኪናውን አቆየው እላለሁ፣ አመመሽ እንዴ፣ አላመመኝም፣ ናዛር በፈጠረህ መኪናው እንዳይሄድ።

በረዶው ያንሸራትታል፣ ቀትር ነው፣ ፀሐይዋ ዓይን ታጠፋለች፣ እንዲህ ያለ ብርሃን ደጅ ሞልቶ ቤት ውስጥ አምፖል፣ የዋልኖት ዛፎቹን አለፍኩ፣ አንዲት ጎረቤት፣ ምነው ሳቦሀት በደህና፣ ትላለች፣ በደህና ነው፣ በደህና ይሁን፣ እኔ ያየሁት ነገር የለም ገና፣ ምናልባት ቀይ ነው፣ ምናልባት አሁን እያለቀሰ ነው፣ በር ላይ ስደርስ ልቅሶውን ሰምቼ በራሴ እስቃለሁ፣ ሠላሳ ቤት አለፍኩ፣ አርባ፣ በራችን። ጸጥታ።

ቢቢ በአራሷ ክፍል ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ ቀስ በይ ተኝቷል ይላሉ፣ ቢቢ መጋረጃውን ልገልጠው ነው፣ ምን፣ አንድ ጊዜ ብቻ በብርሃን ልየው፣ አንቺ ሴትዮ ዛሬ ምን ነካሽ፣ አርባው መች ሞላ፣ ቢሮሽ ነው ይሄን የሚያስተምርሽ፣ ቢሮዬ አይደለም ቢቢ፣ ቢሮዬማ በር ላይ ቆሞ ይመለሳል፣ ኒሶ አልጋው ላይ ቀና ብላለች፣ ታየኛለች፣ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን፣ ምራት አትናገርም፣ እኔም አልተናገርኩም ነበር በጊዜዬ፣ እዚሁ አልጋ ላይ። ቢቢ፣ ልጄን ያጠቧት እርስዎ ነበሩ፣ እላለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ ቤት ያልተባለ ነገር ነው፣ አብረን ስንቱን ዳቦ ጋግረን፣ ስንቱን ሰው ቀብረን፣ አላልነውም።

ቢቢ እጃቸውን ያያሉ። አጥቤያታለሁ ይላሉ። መልኳን አይቻለሁ። አንቺ ያላየሽ መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት። ምን ብዬ ልንገርሽ፣ አራስ ነበርሽ።

እኔ ደግሞ እሳቸው ያላዩ መስሎኝ። አንዳችን ለሌላችን ስንሳሳ ኖርን።

ይነሳሉ፣ ጉልበታቸው ሲንቋቋ ይሰማል፣ ላግዛቸው እላለሁ፣ ተይኝ ይላሉ፣ ወደ መስኮቱ ይሄዳሉ፣ በሁለት እጃቸው ይዘው ይገልጡታል፣ ብርሃኑ ከነበረዶው ገብቶ አምፖሉን ያጠፋዋል፣ ኒሶ ዓይኗን ትሸፍናለች፣ ልጁን አነሳዋለሁ፣ ሙቅ፣ ቀላል፣ አልነቃም፣ መስኮቱ ሥር ግንባሩን በአውራ ጣቴ እጫናለሁ፣ እለቃለሁ። ቢጫ። ደረቱን። ቢጫ። ሆዱን፣ ሆዱም። እግሩ ግን ቀይ ነው፣ እግሩ ገና ቀይ ነው፣ ቢጫው እስከዚያ አልወረደም፣ ወይ የኔ ጌታ፣ ኒሶ ልበሺ፣ የኔ ልጅ አትደንግጪ፣ ሰማያዊ መብራት አለ ሆስፒታሉ ውስጥ፣ ሥሩ ያስተኙታል፣ ይድናል፣ መኪና ቆሞ ይጠብቀናል።

ስንወጣ ቢቢ ይከተሉናል፣ ዳቦውን ከትራሱ ሥር አውጥተው በጨርቅ ጠቅልለውታል፣ አርባው አልፈረሰም ይላሉ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ዳቦው ያለበት ነው አራስ ቤት፣ ጤና ጣቢያው ግቢ ስንደርስ አስጠጊኝ ብለው መኪናው ውስጥ ይገቡና መስኮቱ ሥር ይቀመጣሉ፣ ናዛር በሸሚዝ ብቻ በረዶው ላይ ቆሟል፣ ልጁን አየ፣ የመኪናውን በር ራሱ ዘጋልን፣ ሾፌሩ ብቻ ነው ወረቀቱስ የሚለው፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ አንተ ንዳ።

ሳጥኗ አሁንም ባዶ ናት። ዘጠና አምስት አይገባባትም። ምን እንደሚገባባት ግን አውቄያለሁ፣ የአዋላጇን እግር አይደለም የምቆጥረው፣ የእናቶቹንም መምጣት፣ አራስ የሚጠብቁትን አማቶች ነው፣ በሦስተኛውና በአምስተኛው ቀን፣ በቀትር፣ መጋረጃውን በገዛ እጃቸው የገለጡትን፣ እስከ ሦስተኛው ወር ስንት ቢሉኝ ጥቂት እላለሁ፣ ናዛር ያጉረምርም፣ ደብዳቤውንም ያውርደው፣ በአንዲት አማት ነው የምጀምረው፣ እኚሁ አጠገቤ አሉ።

እንዴት ነው ያደረግሽው አሳዪኝ ይላሉ ቢቢ። እንዲህ፣ በቀስታ፣ ይጫኑና ይልቀቁ። የተሸበሸበ አውራ ጣታቸውን ግንባሩ ላይ ያሳርፋሉ፣ ይለቃሉ፣ ተጎንብሰው ያያሉ፣ እንደገና፣ ልጁ ፊቱን ያጨማድዳል፣ ኒሶ እግሩን ስትኮረኩረው አፉን ይከፍታል፣ ጡቷን ይይዛል፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ጊዜ ይስባል፣ እቆጥራለሁ፣ መቁጠር ነው የማውቀው፣ መንገዱ ረጅም ነው፣ ፀሐይ አለች፣ እና አምስተኛው ቀን ነው፣ ገና አምስተኛው።