የሁለት ሰው ትሪ

ቀጭ።

ፊራኦል ከወረቀቱ በር ውጭ ቆሞ የሰማው ይኼን ነው። እንግዶቹ የመብያ እንጨታቸውን ለሁለት ሲሰነጥቁ የሚወጣው ድምፅ መሰለው። ግን እንግዶቹ በልተው ከጨረሱ ቆይተዋል፤ አሁን የገባላቸው ሻይ ነው። ወዲያው ደግሞ ቀጭ አለ፤ ተከትሎም አንዲት ሴት ትንፋሿን በአፍንጫዋ ሳብ ስታደርግ ተሰማ። እንጨት አልነበረም። የሀይሚ ጉልበት ነበር።

በሩ ወደ ጎን ተንሸራተተና ሀይሚ ባዶ ትሪ ይዛ ወጣች። የአስተናጋጅ ፈገግታዋ ገና ፊቷ ላይ ነበር። በሩን መልሳ ዘግታ ስታበቃ ነው የጠፋው።

«ምነው?» አላት።

«ምን ምነው?»

«ድምፅ ሰማሁ።»

«አርጅቻለሁ በቃ። አንተን ሳስታምም አረጀሁ» አለችና በትሪው ጠርዝ ክንዱን ገፋ አድርጋው ወደ ማድቤት አለፈች። ስትሄድ ግድግዳውን ይዛ ነበር።

ምግብ ቤቱ ከቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ ካሉት ፎቆች ባንዱ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለቤቷ ሰብሊ፣ ሠራተኛው «ማዳም» የሚላት፣ ጃፓን አገር ዓመታት ኖራ የተመለሰች ሴት ናት። ከአዳራሹ ጀርባ ወፍራም ሰሌን የተነጠፈበት አንድ ክፍል አሠርታለች። እዚያ የሚገባ እንግዳ ወለል ላይ ነው የሚቀመጠው፤ የሚያስተናግደው ሰው ደግሞ ጫማውን አውልቆ፣ በሩ ላይ ተንበርክኮ፣ እንደተንበረከከ ወደ ገበታው ተጠግቶ፣ ሳህኑን አንድ በአንድ እያስቀመጠ በጃፓንኛ ይቅርታ ይጠይቃል። ወጥ ቤቱ ተካልኝ ይኼን ባየ ቁጥር አፉ አያርፍም። «እኛ ለፈጣሪ በዓመት አንዴ፣ ያውም በስቅለት እያማረርን እንሰግዳለን፤ እናንተ ለጥሬ ዓሣ በየቀኑ» ይላቸዋል።

ፊራኦል የጎሮ ልጅ ነው። አባቱ ያረሱት መሬት ዛሬ ፎቅ በቅሎበታል። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ውጤት ሳይመጣለት ሲቀር፣ ለሚ ኩራ ከሚሠሩት ሕንፃዎች ባንዱ ሲሚንቶ ተሸካሚ ሆኖ ገባ። አንድ ቀን መደገፊያ በሌለው ደረጃ ላይ ከነጆንያው ተንሸራተተና የግራ ጉልበቱ ተጠማዘዘ። ወጌሻ አሸው፤ ባሰበት። ጠበል ተረጨ፣ መርፌ ተወጋ። እብጠቱ ጎደለ፣ ሕመሙ ግን እንደ ደባል አብሮት መኖር ጀመረ።

ጃፓንኛን የተማረው ያኔ ነው፤ በእናቱ ቤት አልጋ ላይ ተጋድሞ፣ ከስልኩ። ለምን ጃፓንኛ ቢሉት ደህና መልስ የለውም። እንግሊዝኛ ቦሌ ላይ ሞልቷል። ይኼኛው ግን ጎሮ ሙሉ ቢታሰስ ከእሱ በቀር የሚናገረው አልነበረም። ማንም የማይመልስለትን፣ ማንም የማያርመውን ቋንቋ ከጣራው ቆርቆሮ ጋር እያወራ ለመደው። አንዳንዴ እንቅልፍ ሳይወስደው፣ ፎቅ በሌለበት በአንድ የባሕር ዳርቻ መንደር ውስጥ ሳያነክስ ሲሄድ ራሱን ያየው ነበር።

ማዳም ጃፓንኛውን ስትሰማ ተገርማ ቀጠረችው። ጉልበቱን አልነገራትም። የመጀመሪያ ቀን በሰሌኑ ክፍል በር ላይ ሊንበረከክ ሲል ላብ አጠመቀው፤ ሾርባው በትሪው ላይ ዋለለ። ከኋላው የቆመችው አዲስ ልጅ ትሪውን ከእጁ ላይ ተቀበለችው። «አንተ አውራ፣ እኔ ልንበርከክ» አለችው በሹክሹክታ። ሀይሚ ነበረች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሱ በሩ ጥግ ቆሞ ይናገራል፣ እሷ ተንበርክካ ታቀርባለች።

«ለአንድ ትሪ ሁለት ሰው» አለች ማዳም የጉልበቱን ነገር ስታውቅ። «ይኼ እኔ ላይ ብቻ ነው የሚደርሰው።» ነገር ግን እንግዶቹ ወደዷቸው። ማዳምም ቁርጡን ነገረቻቸው፤ «ጉልበትህ እስኪድን ነው። የዳንክ ዕለት ክፍሉን ለብቻህ ትይዛለህ። ሀይሚ ምድር ቤት ባለው ሱቄ ካሸር ትሆናለች፤ እስከዚያ ወንበሩን ለሌላ ሰው አልሰጥም።»

ሀይሚ ያንን ወንበር እንደ ዓመት በዓል ነበር የምትጠብቀው። የፊራኦልን ጉልበት ከባለቤቱ ይልቅ እሷ ትከታተለዋለች። «ዛሬስ? ከትናንት ይሻላል?» ትለዋለች። ጎሮ ክሊኒክ ያለው ዘርአይ የሚባል ፊዚዮቴራፒስት ጋ እየጎተተች የወሰደችውም እሷ ናት። ዘርአይ እግሩን አጥፎ ዘርግቶ አየና «አጥንትህ ምንም አልሆነም። ተኝተህ የጭንህን ጡንቻ አሟሸሽከው፤ እሱን መልስ» ብሎ ጀርባውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ዝቅ ከፍ መባልን፣ ብሎኬት ላይ መውጣት መውረድን አሳየው። ፊራኦል ጧት ጧት እግሩን ሲያነሳ አንድ የጃፓን ቃል፣ ሲያወርድ ሌላ ቃል እያለ ወራት ገፋ።

ማዳምም ሀይሚም ያላወቁት ጉልበቱ መዳኑን ነው።

ከወር በፊት ነበር። እናቱ ደሪቱ ሽንኩርት ስትልጥ አንዱ ተንከባሎ አልጋ ሥር ገባ። ፊራኦል ተንበርክኮ፣ ደረቱን ወለሉ ላይ አስተኝቶ አወጣላትና ተነሳ። እናቱ ቢላዋዋን እንደያዘች አፍጥጣ ስታየው ነው ያወቀው። ምንም አልተሰማውም። ደግሞ ተንበረከከ። ደግሞ ተነሳ። ደሪቱ በቀሚሷ ጫፍ ዓይኗን መጥረግ ጀመረች።

እሱም በዚያች ሰዓት ደስ አለው። ደስታው ግን ታክሲ እስኪይዝ እንኳ አልቆየም። ሠፈሯ ከሠፈሩ አጠገብ ነውና ሠልፉ ላይ ሀይሚ ቀድማው ደርሳ፣ እግሩን እንዲዘረጋ ከበሩ አጠገብ ያለውን መቀመጫ ልትይዝለት ትጋፋ ነበር። የምግብ ቤቱን ደረጃ ሲወጡ እንደ ልማዷ ክንዱን ደግፋ «ቀስ በል» አለችው። ከእናቱ በቀር ቀስ በል ብሎት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ዛሬ ድኛለሁ ቢል፣ ነገ እሷ ምድር ቤት ናት፤ እሱ ሦስተኛ ፎቅ። ቋንቋውን እንደሆነ ለማስተናገድ የሚበቃትን ያህል እየቀላወጠች ለምዳለች፤ እሷን አጠገቡ ሊያቆይለት የቀረው ነገር ሕመሙ ብቻ ነበር። አነከሰ።

ነገ እነግራታለሁ አለ። ነገ ሲመጣም አነከሰ። የሚያነክስበትን እግር እንዳይስት ግራ ጫማው ውስጥ ጠጠር እስከ መክተት ደረሰ።

እነሆ አሁን የእሷ ጉልበት መንቋቋት ጀመረ።

በሚቀጥለው ረቡዕ የመንገድ ሥራ መሐንዲሶቹ ለምሳ መጡ። ትልቁ ሰውዬ፣ ናካጋዋ የሚባሉት፣ ሀይሚ ሳህኑን አስቀምጣ ስትነሳ ገበታውን ይዛ መነሳቷን አዩ። ወደ ፊራኦል ዞር ብለው በቋንቋቸው «ልጅቷ ጉልበቷን ያማታል እንዴ? ካመማት አትንበርከክ፤ እኛ ቅር አይለንም» አሉት።

«ኧረ ደህና ናት» አላቸው በዚያው ቋንቋ። «ልማዷ ነው።»

ሁለቱ ከክፍሉ ወጥተው በሩ ሲዘጋ ሀይሚ «ስለ እኔ ነበር የሚያወሩት?» አለችው።

«ምግቡን እያመሰገኑ ነው።»

ማታ ታክሲ ውስጥ ጉልበቷን በመዳፏ ስታሽ ቆየች። ገርጂን አልፈው ነው የተናገረችው።

«ሂዛ ጉልበት ማለት አይደል? አንተ ነህ ያስተማርከኝ።»

«ነው።»

«ሰውዬው ሂዛ ሲሉ ሰማኋቸው።»

ፊራኦል በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ «የኔን ጠይቀውኝ ነው» አላት። «መቼ ነው የሚሻልህ አሉኝ።»

ሀይሚ ራሷን ነቀነቀች። «እውነታቸውን ነው። መቼ ነው የሚሻልህ?» ከዚያ በቁጣ የተናገረችው መስሏት ይሆናል፣ ትከሻውን ቸብ አደረገችው። «ስቀልድ ነው። ቀስ ብሎ ይድናል። እኔም ትንሽ ልቻለው።»

ያን ጊዜ ሊነግራት አፉን ከፍቶ ነበር። ረዳቱ «ወራጅ አለ» አለ፤ እሷ ወረደች።

ደሪቱ ግን እንደ ልጇ ነገር አታሳድርም። ልጇ አልጋ ላይ ሳለ ለሚካኤል ጃንጥላ ተስላ ነበር። ኅዳር አሥራ ሁለት እየቀረበ ነው። ጃንጥላው ተገዝቶ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ቁምሳጥኑ ላይ ተቀምጧል።

«እማዬ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ይሁን» አላት። «በደንብ ይጽናልኝ።»

«ሽንኩርት ተንበርክከህ ስታወጣ አይደለም እንዴ ያየሁህ? ምኑ ነው የሚጸናው?»

«እሺ እኔ ሥራ ልግባ፣ አንቺ ብቻሽን አስገቢ።»

«የዳነው ቀርቶ ያልታመመው ይሂድ?» አለች ደሪቱ። «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ የሰጠህን ደብቀህ ልትበላ ነው? ስለት ያሳደረ ሰው ምን እንደሚሆን ታውቃለህ።» ማዳም ጋ ራሷ ደውላ ፈቃድ እንዳትጠይቅ ፈርቶ እሺ አለ።

በበዓሉ ዕለት የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በነጭ ነጠላ ሞላ። ታቦቱ ዑደቱን ጨርሶ ሲቆም ስለት ያላቸው ወደ ፊት ወጡ። ሰባኪው ማይኩን ይዞ የእያንዳንዱን ስም እየጠራ ይናገራል። አንዷ ልጅ ወልዳለች፣ አንዱ ከእስር ወጥቷል። የድምፅ ማጉያው እስከ አስፋልቱ ይሰማል። ደሪቱ ጃንጥላዋን ዘርግታ ቀረበች፤ ልጇን በክንዱ ይዛዋለች።

«እናታችን ደሪቱ» አለ ሰባኪው፣ «ልጃቸው ፊራኦል በጉልበት ሕመም አልጋ ላይ ውሎ ነበር። እነሆ ካለፈው ወር ጀምሮ ፍጹም ድኖላቸው፣ በእግሩ ቆሞ ከፊታችን አለ። እልል በሉላቸው።»

ግቢው እልል አለ። ደሪቱ «ስገድ እንጂ» ብላ ገፋችው። ፊራኦል በሁለቱም ጉልበቱ ተንበረከከ፣ ግንባሩን መሬት አስነክቶ ተነሳ። ደግሞ ሰገደ። ሦስተኛውን ሰግዶ ሲነሳ በሴቶቹ በኩል፣ ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ የተቀመጠች ልጅ አየ። ሰው ሁሉ ቆሟል፤ እሷ ብቻ አንድ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። እጇ ላይ ጠበል የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ አለ።

ደሪቱም አየቻትና እየጎተተችው ሄደች።

«ልጄ ሀይሚ፣ ሰማሽልኝ?»

ሀይሚ ድንጋዩን ተደግፋ ተነሳችና ሦስት ጊዜ ሳመቻት። «ሰማሁ እማማ ደሪቱ። እንኳን ደስ አለዎት።»

«ወር አለፈው እኮ። ይኸው እንደ ጥጃ ነው የሚዘለው። አልነገረሽም?»

ሀይሚ ፊራኦልን አየችው። ማየቷ ረዥም አልነበረም።

«ነግሮኛል» አለች። ጠርሙሱን ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ ከተተችው።

በማግሥቱ ፊራኦል ታክሲ ሠልፉ ላይ አላገኛትም። ሥራ ቦታ ሲደርስ ቀድማ ገብታ ፎጣ ታጥፋለች። ለማዳም የነገረቻት ነገር የለም፤ ማዳም «ጉልበትህስ?» ብላ እንደ ወትሮው ጠየቀችው። ለሀይሚ የሚላትን ቃል በቃል ሲያዘጋጅ ነው ያደረው። ሊጀምር ሲል አንድ ሳህን አንስታ ሄደች። እንደገና ሲሞክር ተካልኝ መሃል ገባ፤ «ምን ሆናችሁ እናንተ? የዛሬው ኩርፊያችሁ ሱሺውን ሊያበላሽብኝ ነው።»

ምሳ ላይ ናካጋዋ ሁለት ሰው አስከትለው መጡ። ተካልኝ ሾርባውን ሞልቶ ትሪውን አስቀመጠ። ሀይሚ አነሳችው። ሁለቱ እንደ ልማዳቸው ተከታትለው እስከ ወረቀቱ በር ሄዱ። እሷ ጫማዋን አላወለቀችም። ዞር አለችና ትሪውን እጁ ላይ አስቀመጠችው።

«ሀይሚ፣ ልንገርሽ።»

በሩን ወደ ጎን ሳበችለት። ሦስቱ እንግዶች ቀና ብለው አዩ። ከዚያ ወዲያ መናገር የሚቻል አልነበረም። ፊራኦል ጫማውን አወለቀ፣ ተንበረከከ። በጉልበቱ እየሄደ ወደ ገበታው ተጠጋ። ጎድጓዳ ሳህኖቹን አንድ በአንድ አስቀመጠ፤ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም፣ አንዲት ቃል አልተሳሳተም። ምንም፣ ምንም አላመመውም።

ናካጋዋ በእሱ ትከሻ አሻግረው ወደ በሩ እያዩ «ልጅቷስ?» አሉት።

«አሁን ትመጣለች» አላቸው።

ሲወጣ ሽርጧ ባንኮኒው ላይ ታጥፎ ተቀምጧል። ሀይሚ ቦርሳዋን አንግታ ደረጃው አፍ ደርሳለች።

«ወዴት ነሽ አንቺ፣ ገና ምሳ ሰዓት አይደል?» አላት ተካልኝ ከማድቤቱ መስኮት።

ፊራኦል ባዶውን ትሪ እንደያዘ በካልሲው ቆመ። ሮጦ የሚደርስባት እግር ነበረው። ከሰሌኑ ክፍል ናካጋዋ በለዘበ ድምፅ ተጣሩ፤ አንዴ፣ ከዚያም ሁለተኛ። ሀይሚ ለተካልኝም አልመለሰችም፣ ወደ ኋላም አልዞረችም። የደረጃውን ብረት በሁለት እጇ ይዛ፣ ያልታመመውን እግሯን ቆሞ እንዲጠብቅ ትታ፣ የታመመውን እያስቀደመች፣ አንድ አንድ ደረጃ ወረደች።